ድንኳኑን ማን ይንቀል?

ከእናቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «ስድስቱም ኮንቴነር ተነስቷል!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ሰማች። ለአፍታ ዝም አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስድስት? አንተ ልጅ፣ ንግድ ጀምረህ ነው ለእናትህ ያልነገርከው?» አለችኝ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚራገፈው ብረት እንዳልሆነ፣ ቀረጥም እንደሌለበት ላስረዳት ሞከርኩ። «ቀረጥ የለውም» ማለቴ ነገሩን አባባሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደወለች ቁጥር ከጤንነቴ ቀጥላ የምትጠይቀው ስለ ኮንቴነሮቼ ነው።

የእኛ ኮንቴነር አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ፣ ከጎረቤት ዕቃ ሳይዋስ፣ በሩን ዘግቶ የሚሠራበት ክፍል ማለት ነው፤ ክፍሉን የሚያዘጋጀው መሣሪያ «ዶከር» ይባላል። የዛሬ ዌብሳይት ደግሞ በአንድ ክፍል አይበቃውም። ለዳታቤዙ አንድ፣ ለዌብ ሰርቨሩ አንድ፣ ለካሹ አንድ፣ ኢሜይል ለሚልከው አንድ እያለ ስድስት ይሞላል። ስድስቱን በአንድ ፋይል ጽፎ በአንድ ትእዛዝ ማስነሻው «ዶከር ኮምፖዝ» ይባላል። ተርሚናሉ ላይ «ዶከር ኮምፖዝ አፕ» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። አረንጓዴ ምልክቶች ይደረደራሉ፣ ሁሉም ይነሳል፣ ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋል።

ማስነሳቱን የማያውቅ የለም። ማውረዱንስ? ቢሮአችን ውስጥ እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንዱ «ኮንትሮል ሲ እላለሁ» አለ። ሁለተኛው የተርሚናሉን መስኮት በኤክስ ይዘጋዋል፤ ያላየው ነገር ያለ አይመስለውም። ሦስተኛዋ ላፕቶፗን ክድን ታደርጋለች፣ ይኸው እንደ ማቆም ይቆጠርላታል። አራተኛው «መብራት ሲሄድ በራሱ ይቆማል» አለ፤ የሚሠራው በዴስክቶፕ ነው፣ ዩፒኤሱም ከሞተ ቆይቷል። አምስተኛው ጥያቄውን ራሱ አልወደደውም። «ለምን ይቆማል? ነገ ልንሠራበት አይደል እንዴ?»

ነገሩ የሠርግ ድንኳን ነው። ሲተከል ሰፈሩ በሙሉ አለ። አንዱ ገመድ ይስባል፣ አንዱ ካስማ ይመታል፣ አራቱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው «ወደ ግራ ዘንበል ብሏል» ይላሉ። መልሱም ቅልቅሉም አልፎ ድንኳኑ የሚነቀል ቀን ግን ያን ሁሉ ሰው ወገቡን ያመዋል። ድንኳኑ እዚያው ቆሞ ዝናብ ይመታዋል፣ የእድሩ ንብረት ያዥ በየማለዳው እየደወለ ወንበር ይቆጥራል።

ጥፋቱን ሁሉ በእኛ ላይ ማላከክም አይገባም፤ አመጣጡም እንዲሁ ነው። ሰለሞን ሃይክስ ዶከርን በፈረንጆቹ 2013 ሳንታ ክላራ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገ የፓይተን ጉባኤ ላይ ያስተዋወቀው በአምስት ደቂቃ ገለጻ ነበር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስለ ጽዳት ምን ያህል ሊወራ እንደሚችል አንባቢ ይገምት። ኮምፖዝ ደግሞ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ኦርቻርድ የተባለ ትንሽ ድርጅት የሠራው «ፊግ» የሚባል መሣሪያ ነበር፤ በ2014 ዶከር ድርጅቱን ገዛው፣ ስሙም ተለወጠ። «አፕ» ከፊግ ዘመን ጀምሮ አለ። «ዳውን» የመጣው ግን በ2016፣ በ1.6 ስሪት ነው። እስከዚያ ድረስ ማቆሙ በአንድ ትእዛዝ፣ ማስወገዱ በሌላ ነበር። ማንሻው ተወልዶ፣ ስም ወጥቶለት፣ ተሽጦ፣ ስም ከቀየረ በኋላ ነው ማውረጃው የደረሰው።

ከደረሰም በኋላ ከ«ስቶፕ» ጋር እናምታታዋለን። ስቶፕ ማለት ድንኳኑ ውስጥ ያሉትን እንግዶች «ጸጥ በሉ» ማለት ነው። ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ዝም ይላሉ እንጂ ማንም አይወጣም። ዳውን ግን ካቆመ በኋላ ኮንቴነሮቹን ያስወግዳል፣ በመሃላቸው የተዘረጋውን ኔትወርክም ይጠቀልላል። ኢሜጁን፣ ማለትም ኮንቴነሩ የተቀዳበትን ቅርጽ፣ አይነካም። ዳታቤዙ መረጃውን የሚያከማችበትን ጎተራ፣ ቮልዩም የሚሉትን፣ እሱንም አይነካም፤ ካላዘዙት በቀር። ይህችን «ካላዘዙት በቀር» አንባቢ ይያዝልኝ።

ኮንትሮል ሲ የሚለው ልጅ የሚያደርገው እንግዲህ ስቶፕን ነው። እሱም ቢሆን ትዕግሥት የለውም፣ ሁለቴ ይጫነዋል። አንዴ ሲጫኑት ልመና ነው። ሁለቴ ሲጫኑት ግድያ ነው። አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ «እስቲ ዛሬ አንዴ ብቻ ተጫንና ጠብቅ» አልኩት። ስክሪኑ ላይ ስድስት መስመር አለ። አምስቱ በግማሽ ሰከንድ፣ በአንድ ሰከንድ «ስቶፕድ» እያሉ ተሰለፉ። ስድስተኛው፣ ራሳችን የጻፍነው ፕሮግራም ያለበት፣ ይቆጥራል። 3.1። 5.4። 8.7። 10.2። ከዚያ ቆመ።

«የእኛ ከባድ ፕሮግራም ስለሆነ ነው» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ደንቆሮ ስለሆነ ነው። ዶከር አንድን ኮንቴነር ሊያቆም ሲፈልግ መጀመሪያ «ሲግተርም» የሚባል መልእክት ይልክበታል፦ ዕቃህን ሰብስበህ ውጣ። አሥር ሰከንድ ይጠብቃል። ካልወጣ «ሲግኪል» ይመጣል፤ እሱ መልእክት አይደለም፣ ጥይት ነው። ደጋግ ፕሮግራሞች በመጀመሪያው መልእክት የጀመሩትን ጨርሰው፣ ፋይላቸውን ዘግተው ይወጣሉ። የእኛው ግን መልእክቱ አይደርሰውም። የማስነሻውን መስመር ዝም ብለን እንደ ዓረፍተ ነገር ስለጻፍነው በኮንቴነሩ ውስጥ አንደኛ ቁጥር የያዘው ፕሮግራማችን ሳይሆን እሱን የጠራው ሼል ነው። ሼሉን የበር ዘበኛ በሉት። ደብዳቤ ይቀበላል፣ ኪሱ ይከታል፣ ወደ ውስጥ አያስገባም። ውስጥ ያለው ሰውዬ ምንም ሳይሰማ ሒሳቡን እየሠራ አሥሩ ሰከንድ ያልቅበታል። የሞት ወረቀቱ ላይ 137 ተብሎ ይጻፋል፤ 128 ላይ ዘጠኝ ሲደመር ነው፣ ዘጠኝ የሲግኪል ቁጥር። መድኃኒቱ የማስነሻውን መስመር በማዕዘን ቅንፍ ዘርዝሮ መጻፍ ነው። ሁለት ቅንፍ። ይኸን ፕሮግራም ለሁለት ዓመት ያህል በቀን ሃያ ጊዜ እያስገደልን «ከባድ ነው» እያልን ስናከብረው ኖረናል።

አሁን ወደያዛችሁልኝ ቃል ልመለስ። ቡድናችን ውስጥ አንድ አዲስ ልጅ አለ፤ ትሑት፣ ጠያቂ፣ ማስታወሻ የሚይዝ። አንድ አርብ ከሰዓት ኮንቴነሮቹን ሊያወርድ ሲል አንዱ እንቢ አለው። ልጁ በብዙ ፕሮግራም ላይ «ሰረዝ ቪ» ማለት «ዘርዝረህ ንገረኝ» ማለት እንደሆነ ተምሯል፤ እውነትም ነው። ስለዚህ ችግሩን ዘርዝሮ እንዲነግረው «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን ሰረዝ ቪ» ብሎ ጻፈ። ዶከርም ዘረዘረለት። ኮንቴነር ተወገደ። ኔትወርክ ተወገደ። ቮልዩም ተወገደ።

እዚያ ላይ ቪ የቮልዩም ቪ ናት። ያቺው ፊደል «ዶከር ራን» ላይ ስትመጣ ጎተራ ታያይዛለች፣ «ዳውን» ላይ ስትመጣ ጎተራ ታፈርሳለች። አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲሉ ይቺን አይተው ነበር ለማለት ይቃጣኛል፤ ማውረዱ ራሱ እዚያው ተረቱ ውስጥ ተቀምጧል። የሚገርመው ደግሞ የጥያቄው አደላደል ነው። ቆሻሻ ሊጥል ሲሄድ፣ «ፕሩን» በሚባለው ትእዛዝ፣ ዶከር «ማስጠንቀቂያ!» ብሎ የሚጥለውን አንድ በአንድ ቆጥሮ «እርግጠኛ ነህ?» ይላል። ጎተራ ሊያፈርስ ሲሄድ ግን ምንም አይጠይቅም። «እሺ» ይላል፣ ይሄዳል።

የጠፋው ሁለት ልጆች ሦስት ሳምንት በእጃቸው እያስገቡ የሞሉት የሙከራ መረጃ ነበር። የሐሰት ደንበኞች፣ የሐሰት ደረሰኞች፣ የሐሰት ውዝፍ ዕዳ። አንደኛዋ ለሐሰት ደንበኞቿ የአያት ስም ሳይቀር አውጥታላቸው ነበር። ቢሮው ለቅሶ ቤት ሆነ። ልጁ «ቪ ማለት ቨርቦስ መስሎኝ ነው» እያለ ይምላል። የቡድኑ ሲኒየር ተነስቶ ስለ ጥንቃቄ ረጅም ንግግር አደረገ። በንግግሩ መሃል ልጅቱ እጇን አውጥታ «ባክአፑስ?» አለች። ሲኒየሩ «ባክአፕማ አለ፣ በየሌሊቱ ይወሰዳል» አለ። «የት ይቀመጣል?» «ባክአፕ የሚባል ቮልዩም አለ።» «እሱስ የት ነው የተጻፈው?» ሲኒየሩ ፋይሉን ከፈተ። እዚያው ኮምፖዝ ፋይል ውስጥ፣ ከዳታቤዙ ቮልዩም አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ተጽፏል። ዳውን ሰረዝ ቪ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ስማቸው ከተጠራ ጎተራዎች የሚምረው «ኤክስተርናል»፣ ከውጭ የመጣ፣ የተባለውን ብቻ ነው። ባክአፑ ከመረጃው ጋር አብሮ፣ በአንድ ቀብር ሄዷል።

ሲኒየሩ እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት አለቃችን በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈ፦ «ዳውን ማለት በጥብቅ የተከለከለ ነው»። ሰረዝ ቪን አልከለከለም፤ ዳውንን ነው የከለከለው። ጨው የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ድስት እንደሚከለክል ማለት ነው። ሁላችንም ደስ አለን። ከድሮም ስንፍናችን ነበር፣ አሁን ደንብ ሆነልን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር «ዶከር ፒኤስ ሰረዝ ኤ» የሚለውን ትእዛዝ ማወቅ ይበቃል። ያለ ሰረዝ ኤ የሚሠሩትን ብቻ ያሳያል፤ ባዶ ዝርዝር ያየ ሰው ቤቱ የጸዳ ይመስለዋል። ሰረዝ ኤ ሲጨመርበት አልጋ ስር እንደማየት ነው። ከሰባት ሳምንት በፊት የቆመ። ከሦስት ወር በፊት የቆመ። 137 ታርጋ የለጠፈ። ሥራውን ለቅቆ ዱባይ የገባ ልጅ «ለአንድ ደቂቃ ልሞክር» ብሎ ያስነሳው። በ«ራን» ሲነሱ ስም ያልወጣላቸውን ዶከር ራሱ ስም ያወጣላቸዋል፤ አንድ ቅጽልና የአንድ ሳይንቲስት ስም እያጋጠመ። ከሁሉም ጥንድ አንዲት ብቻ በኮዱ ውስጥ ተከልክላለች፦ «አሰልቺው ዎዝኒያክ»። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፤ ስቲቭ ዎዝኒያክ አሰልቺ አይደለም። ለአንድ ሰው ክብር ይህን ያህል ከተጠነቀቁ ለሰው ዳታቤዝም አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ምን ነበረበት?

የሚሠሩትም ቢሆኑ አይወርዱም። አዲስ ፕሮጀክት ስናስነሳ «ፖርት 5432 ተይዟል» ይለናል፤ የፖስትግሬስ በር ናት፣ የድሮው ፕሮጀክት ዳታቤዝ ቆልፎ ተቀምጦባታል። የድሮውን ማውረድ ክልክል ነው። ስለዚህ አዲሱን 5433 አደረግነው። የሚቀጥለውን 5434። እንደ ኮንዶሚኒየም ፎቅ እየቀጠልን 5439 ደረስን፤ የትኛው ደንበኛ የትኛው ፎቅ ላይ እንዳለ የሚያውቅ አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም ፈቃድ ሲወጣ ሥራ ይቆማል። ቀጥሎ ኔትወርክ አለቀ። ዶከር አዘገጃጀቱ ካልተነካ ለኔትወርክ የመደበው የአድራሻ ክልል ለሠላሳ ገደማ ብቻ ነው የሚበቃው፤ በየፕሮጀክቱ አንድ እየተዘረጋ፣ ምንም ሳይጠቀለል፣ አንድ ቀን «ባዶ አድራሻ አላገኘሁም» አለን። ከዚህ ዓለም ላይ አድራሻ ጨረስን!

አንደኛው ጓደኛችን ደንቡን ሳይጥስ መላ አገኘሁ አለ፤ ማታ ሁሉንም ስቶፕ ብሎ ላፕቶፑን ሪስታርት አደረገው። ሲነሳ ኮንቴነሮቹ ሁሉ ከእሱ ቀድመው ተነስተው ጠበቁት። ደገመው፣ ደገሙት። ጠበል ይረጭበት እስከማለት ደርሶ ነበር። ፋይሉ ላይ «ሪስታርት፦ ኦልዌይስ» ተብሎ ተጽፏል። «ሁልጊዜ» ማለት ሁልጊዜ ነው፤ በእጅ የቆመውም ቢሆን ዶከር ራሱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። «አንለስ ስቶፕድ» ቢባል ኖሮ የቆመው እንደቆመ ይቀር ነበር። ግን ማን ያንብብ? ያቺን መስመር ሁላችንም ከአንድ ሰው ፋይል ቀድተናት፣ እሱም ከሌላ ሰው ቀድቷት ነው።

የዲስኩን ነገር ስጽፈው ያሳፍረኛል። ኮንትሮል ሲ የሚለው ልጅ ላፕቶፑ «ዲስክ ሞልቷል» ሲለው መጀመሪያ የጠረጠረው ክሮምን ነው። ቀጥሎ ፊልሞቹን ደመሰሰ። አልበቃም። በመጨረሻ የሠርጉን ቪዲዮ ወደ ፍላሽ አዛወረ፤ ፍላሹ የት እንዳለ ዛሬም ይፈለጋል፣ ባለቤቱም ታፈላልጋለች። ከዚያ በኋላ ነው «ዶከር ሲስተም ዲኤፍ» እንዲል የነገርኩት። መጨረሻው ዓምድ ላይ «ሊመለስ የሚችል» በሚለው ስር ከአርባ ጊጋ በላይ ተጽፎ አገኘን። ልጁ ቁጥሩን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። «የሠርጌ ቪዲዮ ስድስት ጊጋ ነበር» አለ፣ ሌላ ምንም አላለም።

እኔም ታዲያ ጽዳት ተነሳሁ። ሐሙስ ማታ፣ ቢሮው ባዶ፣ ወረቀቱ ዳውንን እንጂ ፕሩንን አይከለክልም። «ዶከር ሲስተም ፕሩን ሰረዝ ኤ»። ማስጠንቀቂያው መጣ፣ ዘረዘረ፣ «እርግጠኛ ነህ?» አለ። ሳላነብ «ዋይ» አልኩ። ቁጥሩ ሲወርድ ማየት ደስ ይላል፤ ለፋሲካ ቤት እንደማጽዳት ነው። ጎተራ እንደማይነካ አውቄ ነው፣ ሰረዝ ቪ ተምሬበታለሁ። ያላሰብኩት ሰረዝ ኤን ነው። ያለ እሷ የሚጠረገው ስም የሌለው ትርፍራፊ ኢሜጅ ነበር። ከእሷ ጋር ግን በዚያች ሰዓት ኮንቴነር ያልተጠቀመበት ኢሜጅ ሁሉ ይሄዳል። የቆሙት ኮንቴነሮች ቀድመው ስለተጠረጉ ደግሞ የሚጠቀም የለም።

አርብ ጠዋት ለደንበኛ ማሳያ ነበረን። «ዶከር ኮምፖዝ አፕ» አልኩ። ዶከርም ቅር ሳይለው ስድስቱንም ኢሜጅ ከሀ ጀምሮ ማውረድ ጀመረ፤ ይኸኛው ማውረድ ደግሞ ከኢንተርኔት ነው። የቢሮው መስመር ከሌሊት ጀምሮ ተቋርጧል። ከስልኬ ሆትስፖት ከፈትኩ። አልፓይን የሚባለው ኢሜጅ አሥር ሜጋ አይሞላም፣ ጊዜ ሳይፈጅ መጣ፤ ልቤ ረጋ። ሌሎቹን የመረጠ ሰው ግን በሰው ፓኬጅ ነው የመረጠው፤ አንዱ ሲዘረጋ አንድ ጊጋ ያህላል። አራተኛው ላይ «ውድ ደንበኛችን፣ የዳታ ጥቅልዎ...» የሚል መልእክት ገባ። አዲሱ ልጅ፣ ያ ሰረዝ ቪ ያለው፣ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። «የኔን ተጠቀም፣ ማታ ነው የሞላሁት» አለኝ። ምንም ሌላ አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱ ከግድግዳው ከተነሳ ወር ሆነው። ባለፈው ቅዳሜ ያለቀለትን ፕሮጀክት ለማውረድ ብቻዬን ቢሮ ገባሁ። መጀመሪያ የቆምኩበትን ፎልደር አረጋገጥኩ፤ ኮምፖዝ የፕሮጀክቱን ስም የሚያወጣው ከፎልደሩ ስም ነው፣ እኛ ደግሞ አራት ፎልደር ስማቸው «ባክኤንድ» የሆነ አለን፣ በአንዱ ቆመው የሌላውን ዳታቤዝ ማውረድ ይቻላል። ከዚያ ዳውን አልኩ። ስድስቱም በሁለት ሰከንድ ወረዱ፣ ስድስተኛው ሳይቀር፤ ዘበኛውን አንስተነዋል። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አደረግሁ። በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ፣ እናቴ ናት። ጤናዬን ጠየቀች። ቀጥላ፦

«ኮንቴነሮቹስ፣ ልጄ?»

«ዛሬ ሁሉንም አወረድኳቸው፣ እማዬ።»

«ተመስገን! ዕቃውስ ሳይጎድል ወረደ?»

አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤ «ዶከር ቮልዩም ኤልኤስ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

«ቆይ እማዬ፣ ልቁጠረው።»